ከጓዳ ወደ ማኅበር

በጌምድር ውስጥ ሰው ብቻውን የሚሠራው ነገር ጥቂት ነው። ለአጨዳው ወንፈል አለው፤ ለቤት ሥራው ደቦ፤ ለጻድቁና ለሰማዕቱ የጽዋ ማኅበር፤ ለእሑዱ ሰንበቴ፤ ለሞቱ ዕድር፤ ወደ ከተማ ጠጋ ካለም ለገንዘቡ ዕቁብ። ማኅበርተኛው ጽዋውን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ሲገባ ተራው እንደ ደረሰ አገር ያውቅለታል። ሙሴው የቀረውን ለምን ቀረህ ይላል፤ የታመመውን ያስጠይቃል፤ የተጣላውን ያስታርቃል። ስለዚህ ነገር የውጭም የአገር ውስጥም ምሁራን ብዙ ጽፈዋል። እኔም የፋርጣ ልጅ ነኝና በዚህ ስኮራ አድጌያለሁ።

ይሁንና ከነዚህ ሁሉ ማኅበራት መካከል ሰው «ልጄ አልናገር አለኝ፤ ልጄ እንደ እኩዮቹ አላድግ አለኝ» ብሎ የሚገባበት አንድም አልነበረም። ሬሳ ሲወጣ ድንኳን የሚተክል ጎረቤት ሞልቷል። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድን ልጅ እያጎረሰች፣ እያጠበች፣ ሌሊት ሲነሣ አብራ እየተነሣች ለምትኖር እናት ግን ተራ የሚገባላት ማኅበርተኛ ከወዴት ይምጣ? ለመሆኑ ይህን ያህል ማኅበር ወዳድ የሆነ ሕዝብ ለዚህ ጉዳይ ብቻ ማኅበር ሳያቆም ለምን ቆየ? ይህን ጥያቄ ያነሣሁት ገሳይ ላይ ሆኜ ነው።

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ ጋይንት የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው ገሳይን ያገኛታል። ከጉና ተራራ ሥር የተቀመጠች፣ ብርዷ አጥንት የሚሰብር፣ ድንችና ገብስ የሚበቅልባት የመንገድ ዳር ከተማ ናት። መንገዱ ቻይናዎች የሠሩት፣ ከወረታ ወልድያ የሚደርሰው ነው። የጭነት መኪናው ሁሉ በዚያ ያልፋል፤ ወሬውም እንዲሁ። አንድ ሰው ባሕር ዳር ቢታመም ገሳይ ከመሸ በፊት ይሰማል። እንዲህ ባለች ከተማ፣ ጥቂት ሰንብቼ ሰው እያወጋሁ ሳለ፣ በአንድ ሰፈር ውስጥ ሦስት ቤቶች ተመሳሳይ ልጅ እንዳላቸው ደረስኩበት። ሦስቱም እናቶች በአንድ ቧንቧ ውኃ ይቀዳሉ። ሦስቱም አንዲት ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ። አንዷ የሌላዋን ልጅ አይታው አታውቅም ነበር።

ይህን ነገር ለመረዳት «ገመና» የሚለውን ቃል ማሰብ ይጠቅማል። ገመና የሚሸፈን ነገር ነው፤ ሸፋኙ የሚመሰገንበት፣ ገላጩ የሚወቀስበት። ድህነት ገመና ነው፤ የባልና የሚስት ጠብ ገመና ነው። እንዲህ ያለ ልጅም ከገመና ተቆጠረ። ምክንያቱ ጭካኔ አይደለም፤ ቢያንስ ጭካኔ ብቻ አይደለም። ልጁ በታየ ቁጥር «ማን ምን ቢያደርግ ነው?» የሚል ጥያቄ ይከተላል፤ ደቀ መዛሙርቱ ስለ ዕውሩ ሰው ለጌታ ያቀረቡለት ጥያቄ በአገራችን ደጋ ላይ እስከ ዛሬ አላረጀም። የአባት ግፍ ነው፣ የአያት መሐላ ነው፣ ዛር ነው፣ ዓይን ነው፣ የውኃ ዳር ልክፍት ነው ይባላል። በዚያ ላይ ጋብቻ አለ። በእኛ አገር ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ዘር ይጣራል፤ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። አንድ ልጅ ደጅ ላይ ቢታይ የእኅቶቹ ዕድል ይዘጋል ተብሎ ይፈራል። ስለዚህ እናት ልጇን ጓዳ የምታስቀምጠው ልጁን ጠልታ አይደለም፤ ሌሎቹን ልጆች ልታድን ነው። እንዲህ ያለችው እናት ዘንድ ገብተህ «ልጅሽን ለምን ደበቅሽ?» ብለህ ብትወቅሳት መልስ አታጣም።

መቼም የደብረ ታቦር አካባቢ ሰው ስለ ቡሄ ሳያነሣ አይቀርም። ነሐሴ 13 የከተማችን የስሟ በዓል ነው። እኔ ባደግሁበት ሰፈር ሙልሙል ሲጋገር በልጅ ቁጥር ይጋገር ነበር። የአክስቴ ጎረቤት የነበሩ ሴት አራት ልጆች እንዳሏቸው እናውቃለን፤ አምስት ሙልሙል ይጋግሩ ነበር። አምስተኛው ለእንግዳ ነው እንባባላለን። እኛ ጅራፍ እያጮህን ቤት ለቤት ስንዞር የእሳቸው ደጅ ላይ ሙልሙል የሚሰጠን አንደኛው ልጅ በሩን በወገቡ ደገፍ አድርጎ ቆሞ ነበር። ያ አምስተኛው ሙልሙል የማን እንደሆነ የታወቀው ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ባለቤቱ ሲቀበር ነው። ዕድሩ ያን ቀን ድንኳኑን በደንብ ተከለ።

እንዲህ ሲባል ግን የአባቶቻችን ዘመን ለአካል ጉዳተኛ ፈጽሞ ቦታ አልነበረውም ማለት አይደለም። ለዐይነ ስውር ነበረው፤ ያውም ከፍ ያለ። የደቡብ ጎንደር ደጋ የአብነት ትምህርት አገር ነው። ጋይንት ውስጥ የድጓው ቤተልሔም አለች፤ የዝማሬና መዋሥዕቱ ዙር አምባ አለች፤ ደብረ ታቦር ደግሞ የአለቃ ገብረ ሐና ልጅ ተክሌ ያስተማረው ዝማሜ በስሙ የሚጠራባት ከተማ ናት። ቅኔ በጆሮ የሚገባ፣ በልብ የሚቀመጥ፣ በቃል የሚወጣ ትምህርት ስለሆነ ዐይን የሌለው ልጅ ከባለ ዐይኖቹ እኩል፣ አንዳንዴም ልቆ ይማረው ነበር። ወላጆቹ እያዘኑ ወደ መምህሩ ይወስዱታል፤ ከዚያ በኋላ የጉባኤው ልጅ ይሆናል። ጓደኛው እየመራው አብሮ ይለምናል፤ ጎጆ አብሮት ያድራል። ሲያድግ መሪጌታ ይባላል። ከዚህ የሚበልጥ መደጋገፍ ከየት ይመጣል? ግን ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ የሆነው ልጁ ቃል መያዝ ስለቻለ ነው። ቃል መያዝ ለማይችለው ልጅ የተዘጋጀ ጉባኤ አልነበረም። ለእርሱ የነበረው ጠበል ነው።

ስለ ጠበል ሲወራ ወይ መሳለቅ ወይ መከላከል የተለመደ ነው። እኔ ሁለቱንም ትቼ ማንም ልብ ያላለውን አንድ ነገር ልናገር። አንዲት እናት ልጇን አዝላ ጠበል ወርዳ ሁለት ሱባዔ ስትቀመጥ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ እርሷ ያለች ሌላ እናት ታያለች። አንዷ ልጆቹን ትጠብቃለች፤ ሌላዋ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ታቀርባለች። «የእኔው በስንት ዓመቱ ቆመ መሰለሽ እታለም!» ይባባላሉ። እዚያ ልጅን መደበቅ የለም፤ ሁሉም ያመጣው ያንኑ ነውና። ሱባዔው ሲያልቅ ግን አንዷ ወደ እስቴ፣ ሌላዋ ወደ ሊቦ ትበተናለች። ስለዚህ በአገራችን የእንዲህ ያሉ ልጆች ወላጆች የመጀመሪያ መሰብሰቢያ ጠበል ቦታ ነው ብል የምሳሳት አይመስለኝም፤ ጉድለቱ ሙሴ የለውም፣ ጽዋም የለውም።

እዚህ ላይ ከመንገዴ ትንሽ ወጣ ልበል። ከደብረ ታቦር ጥቂት እልፍ ብሎ ጋፋት የሚባል ኮረብታ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን አስፍረው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1867 መሆኑ ነው። ከነዚያ ሰዎች አንዱ ቴዎፊል ቫልድማየር የተባለ፣ በባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ሚሲዮን የመጣ ወጣት ነበር። የንጉሡ ባለሟል የነበረውን የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ አግብቶ ጋፋት ኖረ። መቅደላ ከወደቀ በኋላ ወደ ሊባኖስ ሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ1873 ብሩማና ላይ ትምህርት ቤት ከፈተ። በዚያ አገር የአእምሮ ሕሙማን በገዳም ዋሻ ውስጥ በሰንሰለት ታስረው ሲማቅቁ አየና በሽምግልናው ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገንዘብ ለምኖ በቤይሩት አጠገብ አስፉሪየህ በተባለ ቦታ ሆስፒታል አቋቋመ፤ በሩ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1900 ነው። በመካከለኛው ምሥራቅ ታዋቂ የሆነው ይህ ሆስፒታል እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ዘልቋል። ጋፋት ላይ ብረት ሲያቀልጥ የነበረ ሰው ነው እንግዲህ ይህን ያደረገው። ታሪክ እንዲህ ነው፤ የእኛ ኮረብታ መድፉን አገኘ፣ ሆስፒታሉ ሊባኖስ ቀረ።

ይህን ያመጣሁት ለጨዋታ ብቻ አይደለም። የአእምሮ ሕመምና የአእምሮ ዕድገት ውስንነት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው የታወቀ ነው፤ አንዱ ሊመጣና ሊሄድ የሚችል ሕመም ሲሆን፣ ሌላው ልጁ ይዞት የሚያድገው ሁኔታ ነው። በዚያ ዘመን ግን ለሁለቱም የታሰበው መፍትሔ አንድ ነበር፤ ሰውየውን ከቤተሰቡ ወስዶ በአጥር ውስጥ ማስቀመጥ። መልካም ልብ ያለው እንደ ቫልድማየር ንጹሕ አልጋና ሐኪም አዘጋጀ። መልካም ልብ የሌለው ሲያገኘው ደግሞ ያው አጥር ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። በናዚ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1940 እና 1941 ብቻ ከ70000 በላይ ሕሙማንና አካል ጉዳተኞች ከነዚህ ተቋማት እየተወሰዱ ተገድለዋል። ወላጆች ማኅበር ማቆም የጀመሩት ከዚህ ዘመን በኋላ መሆኑ ያጋጣሚ አይመስለኝም።

አጀማመሩም እንደኔ ላለ የመጽሔት ሰው ደስ የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 ጁዲ ፍራይድ የተባለች እንግሊዛዊት እናት ለአንድ የሕፃናት አስተዳደግ መጽሔት ደብዳቤ ጻፈች። የአገሯ ትምህርት ቤቶች ልጇን አንቀበልም ብለዋታልና፣ እንደ እርሷ ያሉ ወላጆች ካሉ እንዲጽፉላት ጠየቀች። ደብዳቤ ጎረፈላት። ከዚያ የወላጆች ማኅበር ቆመ፤ ዛሬ ሜንካፕ ተብሎ የሚታወቀው ትልቅ ድርጅት እርሱ ነው። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ሕግ አንዳንድ ሕፃናትን «ሊማሩ የማይችሉ» ብሎ የሚመድብ ነበር፤ ያ ምድብ ተሰርዞ ልጅ ሁሉ ትምህርት ቤት የመግባት መብት ያገኘው በ1970 በወጣ ሕግ ነው። ከደብዳቤው እስከ ሕጉ 24 ዓመት! በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1950 ከልዩ ልዩ ክፍላተ ሀገር የመጡ ወላጆች ሚኒያፖሊስ ላይ ተሰብስበው አገር አቀፍ ማኅበር መሠረቱ። በጀርመን ደግሞ በ1958 ቶም ሙተርስ የተባለ ሆላንዳዊ ከወላጆች ጋር ማርቡርግ ላይ «ሌበንስሂልፈ» የተባለውን አቋቋመ፤ ያ ሁሉ ግድያ በተፈጸመበት አገር ወላጅ ልጁን ይዞ ወደ አደባባይ እንዲወጣ ማግባባት ምን ያህል ከባድ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ወደ አገራችን እንመለስ። ልዩ ትምህርት ኢትዮጵያ ውስጥ የጀመረው በዐይነ ስውራን ነው፤ በ1917 ዓ.ም. ገደማ አሜሪካውያን ሚሲዮናውያን ደምቢ ዶሎ ላይ። በኋላ የሰበታው መጣ፤ መስማት ለተሳናቸውም ትምህርት ቤት ተከፈተ። ዐይነ ስውራኑ እ.ኤ.አ. በ1960 የራሳቸውን ብሔራዊ ማኅበር አቆሙ፤ መስማት የተሳናቸው ደግሞ አሥር ዓመት ያህል ቆይተው ተከተሉ። እነዚህ ሰዎች አድገው፣ ተምረው፣ ስለ ራሳቸው ተከራከሩ። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ልጅ ግን ጠበቃው ወላጁ ነው። ወላጁ ካልተናገረ የሚናገርለት የለም፤ ወላጁ ደግሞ ገመናውን ካልገለጠ መናገር አይችልም። የዚህ ማኅበር ታሪክ ከሌሎቹ ሁሉ ወደ ኋላ የቀረው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

እንዲህም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1995 አዲስ አበባ ውስጥ ወላጆች ተሰባስበው በዚህ ጉዳይ ብሔራዊ ማኅበር መሠረቱ፤ በኋላ በስሙ ላይ «ፍቅር» የሚለው ቃል ተጨመረበት። በዚያን ጊዜ በሥራ ላይ የነበረው ቃል «ዘገምተኛ» ነበር። በዘመኑ ይህ የተማረ ሰው ቃል ነው፤ ጅል፣ ቂል፣ ድዳ ከሚለው እጅግ ይሻላል ተብሎ የተመረጠ። ዛሬ ደግሞ እርሱም ስድብ ሆኖ «ውስንነት» ተተክቶበታል። ቃሉ በየሃያ ዓመቱ ይቆሽሻል፤ የሚያቆሽሸው አጠራራችን እንጂ ፊደሉ አይደለም። ገሳይ ላይ ያገኘኋቸው እናቶች ግን ከነዚህ ቃላት አንዱንም አይጠቀሙም። «ያ ልጄ» ይላሉ። ሌሎቹን በስማቸው ይጠሯቸዋል፤ እርሱን «ያ ልጄ»።

ማኅበሩ ከተመሠረተ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2002፣ ዘሚ የኑስ ተነሣች። ዘሚ ከአገር ወጥታ ጣሊያንና አሜሪካ ኖራ የተመለሰች፣ ኒያና የተባለውን የውበት ሙያ ትምህርት ቤት የከፈተች ሴት ናት። ልጇ ኦቲዝም እንዳለበት ባወቀች ጊዜ የሚቀበለው ትምህርት ቤት አጣች። ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርታ በሥሩ ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል በጥቂት ልጆች ጀመረች። ለልጆቹ በፊደላችን ድምፅ ላይ የተመሠረተ «አቡጊዳ» የሚባል የማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጅታለች። እኔ ግን ከማዕከሉም ከዘዴውም ይልቅ ትልቁ ሥራዋ ሌላ ነው እላለሁ። ያማረች፣ የተሳካላት፣ ሰው የሚያውቃት ሴት ቴሌቪዥን ላይ ወጥታ «የእኔ ልጅ እንዲህ ነው» አለች። ቴሌቪዥን ባለበት ጓዳ ሁሉ ውስጥ አንዲት እናት ይህን ሰማች። ዘሚ በ2013 ዓ.ም. በወረርሽኙ ጊዜ ዐረፈች።

ከእርሷ በኋላ ሌሎችም መጥተዋል። ነህምያ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል ያቋቋሙት ወላጆች ናቸው። የቀድሞው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ አባዱላ ገመዳም ዳውን ሲንድረም ባለባት ልጃቸው ስም ዲቦራ ፋውንዴሽንን መሥርተዋል። የመንግሥት ባለ ሥልጣን ልጁን በአደባባይ እንዲህ ሲጠራ ማየት ለኔ ዘመን ሰው አዲስ ነገር ነበር። ልብ ብላችሁ ከሆነ ሁሉም አዲስ አበባ ነው።

ሕጉን በሚመለከት ብዙ አልዘገይም፤ ወረቀቱ መጥፎ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ዐቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞችና ለአእምሮ ጉዳተኞች ድጋፍ ያደርጋል ይላል፤ «ዐቅሙ በፈቀደ» የምትለዋ ሐረግ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነች አንባቢ ያውቃል። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ጸድቋል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 621/2001 ወጥቶ፣ ከገቢው ከመቶ ከዐሥር እጅ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ ከለከለ፤ የሕፃናትና የአካል ጉዳተኞች መብትም በክልከላው ውስጥ ገባ። የወላጆች ማኅበር ደግሞ ከመዋጮ የሚያገኘው ስንት ነው? ለልጁ ዳቦ መስጠት ይቻላል፣ ስለ ልጁ መከራከር አይቻልም ሆነ ነገሩ። ይህ አዋጅ የተነሣው በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ነው። ዐሥር ዓመት ለአንድ ልጅ የትምህርት ዕድሜው ነው።

ወላጆች ተገናኝተው ምን ያገኛሉ ለሚል ሰው፣ አዲስ አበባ ውስጥ የተደረገ አንድ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ይህ ጥናት ልጆቻቸውን ወደ ሕክምና ያመጡ 102 አሳዳጊዎችን ጠይቆ ነበር። ወደ ግማሽ የሚጠጉት በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናገሩ፤ ከአራቱ አንዱ ያህል ነገሩን ከሰው ለመደበቅ ይጥሩ ነበር። እነዚህ እንግዲህ ልጃቸውን ይዘው ሐኪም ዘንድ የመጡት ናቸው። ያልመጡት እንዴት ይሆኑ? በኋላም የዓለም የጤና ድርጅት ያዘጋጀው የአሳዳጊዎች ሥልጠና ወደ አማርኛ ተመልሶ አዲስ አበባና ቡታጅራ ላይ ተሞክሯል። ዘጠኝ ጊዜ በቡድን መሰብሰብና ሦስት ጊዜ የቤት ጉብኝት ነው። ትምህርቱ ቀላል ነገር ነው፤ ከልጅ ጋር እንዴት መጫወት፣ ልጁ ሲቆጣ ከቁጣው በፊት ምን እንደሆነ ማስተዋል፣ የሚፈልገውን በምልክት እንዲያሳይ ማለማመድ፣ እናትም ራሷን እንዴት ታሳርፍ። ሥልጠናው በቡድን መሆኑን ግን ልብ ይሏል። እናት ብቻዋን ሐኪም ፊት ስትቀመጥ ጥፋተኛ እንደሆነች ሁሉ አንገቷን ትደፋለች፤ ከሰባት መሰሎቿ ጋር ክብ ሠርታ ስትቀመጥ ደግሞ ትሥቃለች። ሣቁ ዋና መድኃኒት ነው ባልልም፣ መድኃኒቱን ያስውጣል።

ገሳይ ይህ ሁሉ አልደረሳትም። ባለሙያ የሚባል ካለ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ አቀፍ የተሃድሶ ሥራ አለው፤ ደብረ ታቦርም ዩኒቨርሲቲ ካገኘች ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የተማረ ሰው አላጣችም። ነገር ግን መሄድ የማይችል የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ተይዞ አውቶቡስ እንዴት ይሳፈራል? ረዳቱ ሁለት ሰው ያስከፍላል፤ ተሳፋሪው ፊቱን ያዞራል። አንዲት እናት አንድ ጊዜ ሄዳ ቀኑን ሙሉ ወረፋ ጠብቃ «ሲያድግ ይተወዋል» ተብላ እንደተመለሰች ነገረችኝ። የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ አልጽፍም፤ እንዲህ ያለ መልስ የሚሰጠው አንድ ቦታ ብቻ አይደለምና።

በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ወደ ጋይንት ገብቶ ነፋስ መውጫ ስትያዝ፣ ውጊያውም ወደ ጉና ሲቀርብ፣ የገሳይ ሰው ብዙው ሌሊቱን ሸሸ። መሸሽ እግር ይፈልጋል። መግቢያዬ ላይ ካነሣኋቸው ሦስት እናቶች አንዷ መሸሽ አልቻለችም፤ ልጁ ከባድ ነው፣ ባሏ ደግሞ ሞቷል። በሩን ዘግታ ተቀመጠች። በዚያ ሌሊት በሩን የቆረቆረችው ሁለተኛይቱ እናት ናት። እርሷም መሸሽ አልቻለችም። «እታቴ፣ ብርሃን አይቼ ነው» አለቻት። ልጇን አዝላ ነበር። ሁለቱ ልጆች መጀመሪያ የተያዩት ያን ሌሊት ነው፤ አንዱ የሌላውን ጆሮ ይዞ እስከ ንጋት ሲሥቅ አደረ ብላ አጫወተችኝ። መድፉ እየተሰማ!

ከዚያ በኋላ ያቆሙትን ነገር ማኅበር ልበለው አልበለው አላውቅም። መተዳደሪያ ደንብ የለውም፤ ማኅተምም የለውም። ሦስተኛይቱን የጨመሯት ራሳቸው ናቸው፤ ቧንቧ ዳር ስታለቅስ አግኝተዋት። ነገሩ ወንፈል ነው። በገበያ ቀን አንዷ ሦስቱን ልጆች ይዛ ቤት ትቀመጣለች፤ ሁለቱ ገበያ ይውላሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላዋ። «ስንት ዓመት ሙሉ ገበያ ልጅ ልኬ ነበር የማስገዛ» አለችኝ ከሦስቱ በዕድሜ የምትበልጠው፤ «አሁን ድንቹን ራሴ መርጬ እገዛለሁ፣ እከራከራለሁ፣ ቡና እጠጣለሁ።» ይህን ስትናገር ፊቷ ላይ ያየሁት ደስታ የማዕከል ምርቃት ላይ ያላየሁት ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላል የአገራችን ሰው። እኔ ግን ሦስቱን እናቶች ጌጥ አድርጌ ላሳያችሁ አልፈልግም። ሸክሙ ሸክም ነው፤ ለሦስት ቢካፈልም ከባድ ነው። ልጆቹ እያደጉ፣ እናቶቹ እያረጁ ናቸው፤ «ከኔ በኋላስ?» የሚለውን ጥያቄ ወንፈል አይመልሰውም። የሰፈሩ ዕድር ቢያስብበት ምን ነበር ብዬ አንድ ሽማግሌ ጠይቄ ነበር። ዕድሩ ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ገንዘብ ጠባቂ አለው፣ ከሁሉም በላይ የየቤቱ ሰው ስም በመዝገቡ ላይ አለ። ሽማግሌው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ «ዕድር እኮ የሚጀምረው ሰው ሲሞት ነው ልጄ» አሉኝ። ልክ ናቸው። ደንቡ እንዲያ ነው። ግን አዲስ አበባ ውስጥ በኤች አይ ቪው ዘመን ወላጅ ላጡ ልጆችና ለሕሙማን መቆም የጀመሩ ዕድሮች እንደነበሩ ነገርኳቸው። «እነሱ ደንባቸውን ማን አሻሻለላቸው?» ብለው ጠየቁኝ። ራሳቸው ናቸው አልኳቸው፤ በጠቅላላ ጉባኤ። «እንዲያ ነው?» አሉና ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ።

በቅርብ ጊዜ ስደውል ሦስተኛይቱ እናት ወደ ወረታ መሄዷን ሰማሁ፤ ታላቅ ልጇ እዚያ ሥራ አግኝቶ ወሰዳት። ተራው አሁን ሁለት ብቻ ሆኗል፤ ሳምንት አልፎ ሳምንት። ሁለቱ ግን ከእስቴ ገጠር ለገበያ የመጣች አንዲት ሴት ከጀርባዋ የማይወርድ ትልቅ ልጅ አዝላ አይተው፣ ድንች እየመረጠች ሳለ ጠጋ ብለው «ስንት ዓመቱ ነው?» ብለው እንደጠየቋት ነግረውኛል።